ሌሊት ይሞላል፣ ቀን ይቀዳል፦ ስለ ሶፍትዌር የጋራ ማጠራቀሚያ

የዛሬው የሴቶችና የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ኮምፒዩተር ሊያወጋችሁ ተነሥቷል። «ይህስ ለተማረው ነው» ብላችሁ ገጹን ገልብጣችሁ እንዳታልፉ አደራ እንላለን። ነገሩ የቤት አስተዳደር ጉዳይ ነው። የእናት ቦርሳ፣ የልጅ ትምህርትና የጎረቤት ትብብር የሚገናኙበት ጉዳይ ነው። ደግሞም ወሬያችን የሚጀምረው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከውሃ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምትኖሩ እናቶች በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ውሃው ሰው በተኛበት ሰዓት ይመጣል። የነቃችው እናት ጀሪካኗን፣ ባልዲዋንና በርሜሏን ትሞላለች፤ ያልነቃችው ማግስቱን የጎረቤት በር ታንኳኳለች። በአንድ ብሎክ ያሉ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ሮቶ ያስቀመጡ እንደሆነ ግን ሁሉም ነቅቶ ማደር የለበትም። ሮቶው ሌሊት ይሞላል፤ ቀን ይቀዳል። ከዋናው መሥመር አንድ ጊዜ የመጣው ውሃ ለብሎኩ በሙሉ ይዳረሳል። ይህን ሮቶ ልብ ብላችሁ ያዙልን፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

አሁን ደግሞ አንድ ምሽት በዐይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። እናት ከቃሊቲ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆማ፣ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ጠጋ ብላ፣

«እማዬ፣ ጥቅል ግዢልኝ» ትላታለች።

«ትናንት ገዛሁልሽ አይደለም እንዴ?»

«አለቀ። መምህራችን ጫኑ ያሉንን ፕሮግራም ሳወርድ ሰማንያ በመቶ ደርሶ ተቋረጠ። እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።»

«ዋጋው ስንት ነው ፕሮግራሙ?»

«ነፃ ነው።»

«ነፃ ከሆነ ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህች እናት የጠየቀችው ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከ30 ዓመት በላይ ሲደክሙበት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱንም አግኝተውለታል። መልሱ ከሮቶው ጋር ይመሳሰላል።

ነፃ ከሆነ ክፍያው ለምን?

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተሩን ወይም ስልኩን ሥራ የሚያሠራው የትእዛዝ ጥንቅር ነው። በምግብ አሠራር ብንመስለው አንዳንዱ ኩባንያ አሠራሩን ደብቆ የበሰለውን ወጥ ብቻ ይሸጣል። «ክፍት ምንጭ» የሚባለው ሶፍትዌር ግን አሠራሩ በይፋ የተጻፈ ነው። የፈለገ ሰው ያነበዋል፤ ያሻሽለዋል፤ ገልብጦም ለሌላው ይሰጠዋል። ፈቃዱ አብሮት ስለሚሰጥ ማንም ሌባ አይለውም።

ይህ ከቤታችን የራቀ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአብዛኞቻችሁ እጅ የሚገኘው አንድሮይድ ስልክ የሚንቀሳቀሰው ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ነው። የጤና ጣቢያዎች ሪፖርት፣ የልጆቻችሁ የክትባት ቁጥር ጭምር፣ የሚጠናቀርበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓት በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጠነሰሰ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ የጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ለአንባቢ የሚቀርቡትም በእንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት የሚያገለግለው ሊብረኦፊስ በአማርኛ የሚነበብ ገጽታ አለው።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ መንገዱ ግን ነፃ አይደለም። ሊብረኦፊስ ከ300 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል። አርባ ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል እያንዳንዱ ለየብቻው ያውርድ ቢባል 40 ጊዜ 300፣ ማለትም 12 ሺህ ሜጋባይት ከባሕር ማዶ ይጓዛል። ኡቡንቱ የተባለውን ሙሉ የኮምፒዩተር ማስነሻ ሥርዓት ያየን እንደሆነ ደግሞ አንዱ ቅጂ ብቻ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ለአርባ ተማሪ ከ200 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። አርባው ቤተሰብ አርባ ጊዜ የከፈለው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ነው። በግማሽ መንገድ ሲቋረጥ የሚባክነው ሲታከልበት ሒሳቡ የባሰ ይሆናል።

ይህ ብክነት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ማውረድ ያቃተው ወጣት ፍላሹን ይዞ ወደ ሰፈር ኮምፒዩተር ቤት ይሄዳል። እዚያም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ቁልፉ ተሰብሮ የተባዛ ፕሮግራም ይጫንለታል፤ ብዙ ጊዜም ከነቫይረሱ ነው። የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የባንክ መልእክትና የልጁ የትምህርት ጽሑፍ በአንድ ቀን ሲጠፋ ጉዳቱ ከጥቅሉ ዋጋ ይበልጣል።

መስተዋቱ እንዴት ይሠራል?

ባለሙያዎቹ ያገኙት መፍትሔ ይህ ነው። የዋናው ማከማቻ ሙሉ ቅጂ በየአገሩ፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየቴሌኮም ድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ቅጂውም «ሚረር» ይባላል፤ መስተዋት ማለት ነው። መስተዋት ፊቱ የቆመውን ሰው ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንደሚያሳይ ሁሉ ሚረርም የዋናውን ማከማቻ መልክ እንዳለ ያሳያል። ፈላጊው ሩቅ አገር መሄዱን ትቶ ከቅርቡ ይቀዳል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሚረር ስም አይጠይቅም፤ ገንዘብም አይቀበልም።

ሚረሩ በየጊዜው ከዋናው ጋር ይተያያል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን «አርሲንክ» የተባለ መሣሪያ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ አወጡት። ብልኀቱ ቁጥብነቱ ነው። ሁሉን ነገር እንደገና ከመጎተት ይልቅ ሁለቱን ወገኖች ያስተያይና የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያመጣል። ልባም እናት ወደ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ጓዳዋን አይታ የጎደለውን ብቻ እንደምትገዛ ማለት ነው።

በ1993 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ደቢያን የተባለው ሥርዓት ዋና ማከማቻው በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል። የደቢያን ሰዎች ለሚረር ጠባቂዎች የሰጡት መመሪያ ለማንኛውም ቤት የሚሆን ትምህርት አለው። በመጀመሪያ አዲሶቹ ዕቃዎች ይገባሉ። ዕቃዎቹ በሙሉ ከገቡ በኋላ የዕቃዎቹ ዝርዝር ይለወጣል። አሮጌው የሚጣለው መጨረሻ ላይ ነው። ዝርዝሩ ቀድሞ ቢለወጥ ተጠቃሚው ስሙን አይቶ ዕቃውን ሲፈልግ ያጣል፤ ሥራውም ይሰናከላል። ገበታው ሳይቀርብ እንግዳ እጁን እንዲታጠብ አይጠራም።

ከሔልሲንኪ የተነሣ ታሪክ

የዚህን ነገር ታሪክ ላጫውታችሁ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ በፊንላንድ በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አዲስ ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በመስከረም ወር የመጀመሪያው ጥንስስ ተጠናቀቀ፤ 10 ሺህ መስመር ያህል ጽሑፍ ነበር። ተማሪው ሥራውን ለሰው የሚያካፍልበት የራሱ ቦታ አልነበረውም። ቦታውን የሰጠው አሪ ሌምኬ የተባለ ሰው ነው። ሌምኬ የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች መረብ የሆነውን የፉኔትን የሕዝብ ፋይል ማከማቻ ይንከባከብ ነበር። ሊኑስ ሥራውን «ፍሪአክስ» ብሎ ሊጠራው አስቦ ሳለ፣ ሌምኬ ስሙ ስላልጣመው መደርደሪያውን «ሊኑክስ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ ዓለም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሌምኬ የጻፈው ፕሮግራም አልነበረም፤ ያበረከተው መደርደሪያ ነበር።

ነገር ግን ከአሜሪካ ወደ ፊንላንድ የሚደርሰው መሥመር በዚያን ጊዜ ቀጭን ነበር። በባሕር ማዶ ያሉ ፈላጊዎች አንዱን ፋይል ለማግኘት ብዙ ይጠብቁ ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ጾ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ኮምፒዩተር ለዚህ አዋለው። ከፊንላንድ አንድ ጊዜ ቀድቶ ለአሜሪካ ሰው ሁሉ አደለ። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የሊኑክስ ሚረር ይህ ነበር። ቀስ በቀስ ዩኒቨርሲቲዎች ተራ በተራ እየተቀበሉ መስተዋቶቹ በዓለም ዙሪያ በዙ።

በአህጉራችንም ሥራው ተዘርግቷል። በኡጋንዳ ሬኑ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መረብ፣ በደቡብ አፍሪካም ቴኔት የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሚረሮች ያካሂዳሉ። በካምፓላ ያለ ተማሪ የሚፈልገውን ከገዛ አገሩ መረብ ይቀዳል ማለት ነው።

መሥመሩ ለብዙ ሰው ባልደረሰበት ጊዜም ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሣሽነት በጥቅምት 2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኡቡንቱ ማውረድ ለማይችል ሰው ሲዲ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር፤ ይህም አገልግሎት እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል። በዚያው በደቡብ አፍሪካ «ፍሪደም ቶስተር» የተባሉ ሣጥን መሰል ማሽኖች በሕዝብ መተላለፊያ ቦታዎች ይቆሙ ነበር። አላፊ አግዳሚው ባዶ ሲዲውን ይዞ ይሄድና የፈለገውን ክፍት ሶፍትዌር ገልብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ዋናው ነገር ሽቦው አይደለም። ዋናው ነገር ቅጂው ለሰው ደጃፍ መቅረቡ ነው።

ጠባቂነት የቤት ሥራ ነው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናሰምርበት እንወዳለን። ሚረር ማቋቋም ከባድ አይደለም። ከባዱ ጠብቆ ማኖሩ ነው። ይህን ደግሞ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ቤት አንድ ቀን በማጽዳት ንጹሕ ሆኖ አይኖርም። ሊጥ አንድ ጊዜ ቦክቶ ለዓመት አይበቃም። ሚረርም እንደዚሁ የየዕለት ዐይን ይፈልጋል።

ጠባቂው ሲሰንፍ የሚደርሰውን እንመልከት። የመጀመሪያው አደጋ መሻገት ነው። ሶፍትዌር ቀዳዳ ይገኝበታል፤ ሠሪዎቹም ጠግነው አዲስ ቅጂ ያወጣሉ። ሚረሩ መታደሱን ካቆመ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው የአምናውን፣ ቀዳዳው ያልተደፈነውን ቅጂ «አዲስ ነው» ብሎ ይወስዳል። የሻገተ እንጀራ ቢያንስ መልኩ ያስታውቃል፤ የሻገተ ሶፍትዌር ግን መልኩ አያስታውቅም። ከዚህ የተነሣ ጠንቃቃ ጠባቂዎች መጨረሻ የታደሰበትን ቀንና ሰዓት በግልጽ ቦታ ይጽፋሉ።

ሁለተኛው የማከማቻ መሙላት ነው። ትልልቆቹ ማከማቻዎች በቴራባይት የሚለኩ ናቸው፤ በየጊዜውም ይጨምራሉ። ዲስኩ በመካከል ከሞላ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው የመብራት መጥፋት ነው። በሥራ መካከል መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ የሚያቆይ የባትሪ መጠባበቂያ የግድ ነው።

አራተኛው አደጋ ከሁሉ የከፋ ሲሆን ማሽንን ሳይሆን ሰውን የሚመለከት ነው። አንድ ትጉህ ወጣት ሥራውን ብቻውን ይይዛል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራ ለውጦ ወይም አገር ለቆ ሲሄድ ሮቶው ቁልፉ እንደጠፋ በር ተዘግቶ ይቀራል። በዕድራችሁ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ለየብቻ የሚመረጡት፣ መዝገቡም ለአባላት የሚነበበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚረርም ቢያንስ ሁለት ጠባቂዎች፣ የተጻፈ የሥራ መዝገብና ተተኪ ያስፈልገዋል።

ማኅተሙን እዩ

«ጠባቂው ራሱ ተንኮል ቢሠራስ? ፕሮግራሙ ውስጥ መርዝ ቢጨምርበትስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የማይታወቅ ሰው ያቀረበውን ቅቤ ሳይቀምስ የሚገዛ የለም።

ለዚህ ሁለት መከላከያዎች ተሠርተዋል። አንደኛው የጣት አሻራ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል በሒሳብ የሚወጣ አንድ ረጅም ቁጥር አለ። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ሁለተኛው ማኅተም ነው። ዋናዎቹ ሠሪዎች ዝርዝሩን በምስጢር ቁልፍ ያትሙታል፤ የተጠቃሚው ኮምፒዩተርም ማኅተሙን ይመረምራል። እንደ ደቢያንና ኡቡንቱ ያሉት ሥርዓቶች ይህን ምርመራ ሳይጠየቁ ራሳቸው ያደርጉታል። ስለዚህ በመካከል ያለው ጠባቂ ዕቃውን ቢነካካ ማኅተሙ ያጋልጠዋል። እርሱ አደራ ተቀባይ እንጂ የዕቃው ባለቤት አይደለም።

ይህ ባዶ ጥንቃቄ እንዳልሆነ አንድ እውነተኛ ታሪክ ያስረዳል። በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሥርዓት ድረ ገጽ በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ አንዱን የማውረጃ አድራሻ መርዝ ወደጨመሩበት ቅጂ አዙረውት ተገኙ። ሠሪዎቹ ነገሩን ወዲያው ለሕዝብ አስታወቁ፤ በዚያን ዕለት ያወረዱ ሁሉ የፋይላቸውን አሻራ እንዲያመሳክሩም ጠየቁ። ከዚህ የምንማረው አለ። አሻራው ከዕቃው ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ ሌባው ሁለቱንም ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ አሻራውን ከሌላ ቦታ፣ ከዋናዎቹ ሠሪዎች ማኅተም ጋር ማመሳከር ይገባል። ለልጆቻችሁ «ከየት አመጣኸው?» ብቻ ሳይሆን «ማኅተሙን አይተሃል?» ማለትን ልመዱ።

በኮዬ ፈጬ ምን ይቻላል?

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ለአገር በሙሉ የሚሆን የሕዝብ ሚረር በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ አይቋቋምም። ሰፊ መሥመር፣ የማይቋረጥ ኃይልና ቋሚ ሠራተኛ ይፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ቦታው ዩኒቨርሲቲ ወይም የቴሌኮም ድርጅት ነው። ከኮዬ ፈጬ ብዙም ሳይርቅ፣ በቂሊንጦ በኩል፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በየአገሩ ሚረር ሲጠብቁ የኖሩት እንዲህ ያሉ ተቋማት መሆናቸውን ከላይ አይተናል።

አነስተኛው ሮቶ ግን በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ያገለገለ ደኅና ኮምፒዩተር፣ አንድ ትልቅ ዲስክ፣ የባትሪ መጠባበቂያና በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ያለው የመረብ ገመድ ነው። የዓለምን ማከማቻ በሙሉ መቅዳት አያሻም። ለተማሪ የሚጠቅመው ተመርጦ ይቀመጣል። ሌሊት፣ መሥመሩ ፋታ ባለው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ይሞላል። ቀን ተማሪዎቹ በግቢው ገመድ ይቀዳሉ፤ ያን ጊዜ የማንም ጥቅል አይነካም። ልጃችሁም በፍላሽ ይዛ ወደ ቤት ትመጣለች።

ምን ምን ይቀመጥበት? ለጽሕፈትና ለሠንጠረዥ ሊብረኦፊስ አለ። ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ ፓይተን፣ ለታናናሾቹም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተዘጋጀው ስክራች አለ። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከመቶ በላይ የትምህርት ጨዋታዎች የያዘ ጂኮምፕሪ የተባለ ፕሮግራም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ኪዊክስን እናስታውሳችኋለን። ኪዊክስ ውክፔዲያ የተባለውን የዕውቀት መዝገብ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችል ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ከ10 ሺህ በላይ ጽሑፎች ያሉት ሲሆን በትንሽ ፍላሽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግሉ ነፃ የፊደል ዓይነቶችም አይዘንጉ። የግዕዝ ፊደላችን በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዩኒኮድ 3.0 በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ስለገባ በእነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ ያለ ችግር ይጻፋል።

የዚህ ሮቶ ጥቅም በደኅናው ቀን ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚቀዳ ሁሉ ቆመ። በቅጥር ግቢ ውስጥ ያለ ማጠራቀሚያ ግን ከውጭው መሥመር ጋር አይደርቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በይፋ ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ወጣት በየቤቱ አለ። ለዚህ ሁሉ ወጣት መሣሪያውን በእናቱ ጥቅል አንድ በአንድ ያውርድ ማለት ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነውን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ማሸከም ነው።

አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። «እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቃለሁ?» አትበሉ። ጥያቄ ማንሣት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው የወላጅና መምህር ስብሰባ ስትገኙ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንሡ። ተማሪዎች እንዲጭኑ የሚታዘዙትን ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ አንድ ጊዜ አውርዶ ሊያካፍላቸው ይችላል ወይ? ቅጂው መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ማኅተሙን ያመሳከረው ማን ነው? ጠባቂው ቢታመም ወይም ቢለቅ የሚተካው ማን ነው? እነዚህን የጠየቀች እናት የኮምፒዩተር ትምህርት ባትማርም የሥራውን ግማሽ ሠርታለች።

አንድ ነገር እንጨምር። ጠባቂዎች ሲመረጡ ሴቶች ልጆችም ይኑሩበት። ገመድና ዲስክ ለወንድ፣ መጥረጊያ ለሴት የሚለውን አስተሳሰብ ከቤት እናስወጣው። መዝገብ የምትይዝ፣ በሰዓቱ የምትመለከት፣ የጎደለውን የምታስታውስ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። በውጭ አገርም ክፍት ሶፍትዌር ሠሪዎች የሴቶች ቁጥር ማነሱን አይተው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ግኖም የተባለው ፕሮጀክት ለሴቶች የክረምት የሥራ ልምምድ ከፍቶ ነበር። ይኸው ጥረት አድጎ ዛሬ አውትሪቺ በሚል ስም ሲጠራ፣ በዘርፉ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ወገኖች ሁሉ ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩበትን ክፍያ ያለው ልምምድ ይሰጣል። በትምህርት ቤት ሮቶ ጠባቂነት የጀመረች ልጅ ነገ ከዚያ ብትደርስ አይግረማችሁ።

ወደዚያች ምሽት እንመለስና ጨዋታችንን እንቋጭ። እናት «ነፃ ከሆነ ገንዘቤ የት ገባ?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልሱ፣ እናቴ ሆይ፣ ገንዘብሽ የገባው በመንገዱ ላይ ነው የሚል ነው። መንገዱን ማሳጠር ደግሞ ይቻላል። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፍላሿን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «እማዬ፣ ከግቢያችን ቀዳሁት፤ ማኅተሙንም አይቻለሁ» ብትልሽ፣ የጥቅሉ ገንዘብ ለዘይትና ለሽንኩርት ይውላል። ያ እንዲሆን ግን አንድ ሰው ሌሊት መሙላት፣ አንድ ሰው ቀን መጠበቅ አለበት። በብሎካችሁ ለሮቶው ተራ እንደምትገቡ ሁሉ ለዚህም ተራ ግቡ።